ውሻው በደጅ፣ ቃሉ በጉሮሮ

ግራ እግሬ ላይ፣ ከተረከዜ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ አራት ጥርስ ያረፈበት ጠባሳ አለ። ሁለቱ ጎድጎድ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱ ቆዳውን ሸርከት አድርገው ያለፉ። ዘመኑ 1957 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ጤፍ የሚታጨድበት ሰሞን ነበር። የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከመስቀል ማግሥት ከቤቴ ጠፍቼ የወጣሁ አዲስ ገብ የቆሎ ተማሪ፤ ውሻው ደግሞ የአንድ ደህና ገበሬ በረት ጠባቂ።

ስለ ቆሎ ተማሪ ሲወራ ረኃቡ ይነሣል፤ ቁንጫው፣ እከኩ፣ ተስቦው ይነሣል። ፍርሃቱ ግን እምብዛም አይወራም። ታላላቆቹ መምህራን እንኳ ልጅነታቸው ሲነሣ «ውሻውስ!» ይሉና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋሉ። እኔ እዚያች ቃል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስንት ትውልድ ሕፃናትን ከእናታቸው ጉያ አውጥቶ በማያውቁት ሰው ደጅ ሲያቆም የኖረ ልማድ፣ ፍርሃት እንዴት እንደሚያዝም አብሮ ያስተምር ነበር። ይህ ትምህርት በብራና አልሰፈረም። ከትልቁ ተማሪ ወደ ትንሹ፣ በመንገድ ላይ፣ በአፍ የሚተላለፍ ነው። እኔም ያገኘሁት እንደዚያው ነው።

ልማዱ የመጣው ከትምህርቱ አኗኗር ነው። የአብነት ትምህርት ቤት በጀት የሚባል ነገር አያውቅም። የኔታ ኑሯቸው ከደብሩ መሬትና ከምእመናን በረከት ነው፤ ለተማሪ የሚቆርሱት እንጀራ ከየት ይመጣል? ተማሪው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሣር ጎጆ ይቀልሳል፤ ማለዳና ማታ ይማራል፤ መሀሉን ለምኖ ይበላል። ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፤ ለቅዳሴ ሰላልኩላ። ለቅኔ ጎጃም ይሻገራል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጽላሎ እያለ መምህር ይመርጣል። ከፊደል ተነሥቶ መጻሕፍት ቤት እስኪደርስ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚፈጅበት አለ። መንገዱ ሁሉ በእግር ነው፤ በየመንገዱ መንደር አለ፤ በየመንደሩ ውሻ።

ራቅ ብሎ መሄዱ እንደ ሕግ ነበር። ልጅ በተወለደበት ቀዬ አይለምንም፤ ወላጅ ያፍራል። ደግሞም እናቱ ያለችበትን ጭስ እያየ የሚማር ልጅ ልቡ አይረጋም ይባላል። ዘመድ ፈልጎ እንዳያገኘው ስሙን የሚለውጥ ብዙ ነው። የድኻ ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የባለጸጋም ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣል። አባቴ አራት ጥማድ በሬ ነበረው። እኔ የተዘጋጀ ገበታ ትቼ የወጣሁት ዳዊቴን በጨረስሁ በዓመቱ ነው፤ አንድ መንገደኛ ተማሪ ቤታችን አድሮ ጾመ ድጓ ሲያዜም ሰምቼ፣ ያ ዜማ ሌሊቱን በሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ።

የቆሎ ተማሪ ለማኝ አይደለም። ይህን ሰጪውም ተቀባዩም ያውቀዋል። ደጅ ቆሞ የሚለው «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። የቤቱ እመቤትም የምትሰጠው ለልጁ ሳይሆን ለተጠራው ስም ነው። ግማሽ እንጀራም ይሁን እፍኝ ቆሎ፣ ድርቆሽም ይሁን የተረፈ ቂጣ፣ አኩፋዳው ውስጥ ከገባ በኋላ በጎጆ ለሁሉም እኩል ይከፈላል። ልብሱ ደበሎ ነው። ደበሎውን ደግሞ ውሻ አይወደውም። የበግ ለምድ ዝናብ ሲመታው የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ውሻው የሚያየው በግ በግ የሚሸት ነገር በሁለት እግሩ ቆሞ ወደ ጌታው ቤት ሲመጣ ነው። ተማሪዎች «ውሻ የዲያብሎስ ወገን ስለሆነ መንፈሳዊ ልጅ ይጠላል» እያሉ ያጫውቱን ነበር። እኔ እንኳ በደበሎው ላይ እፈርዳለሁ።

ያን ዕለት ከጎጇችን ትልቅ ተማሪ ጋር ነበር የወጣነው። ትልቅ ስል ምናልባት 19 ወይም 20 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ያኔ ግን ሽማግሌ መስሎ ይታየኝ ነበር። እሱ ላይኛውን መንደር፣ እኔ ታችኛውን ያዝን። ስንለያይ «ከሩቅ ተጣራ፤ ሳትጣራ አጥር አትጠጋ» አለኝ። ሰምቻለሁ። ግን መጣራቱን አፈርሁ። ከቤት ከወጣሁ ሁለት ወር ሞልቶኝ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ከሌሎቹ ኋላ ቆሜ፣ በእነሱ ድምፅ ተከልዬ ነበር የምለምነው። ብቻዬን ስሆን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተጋደመ። የአራት ጥማድ በሬ ጌታ ልጅ ሰው ደጅ ቆሞ «ስጡኝ» ብሎ ሊጮኽ! ዝም ብዬ ብጠጋና ሰው ወጥቶ ቢያየኝ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ውሻው አልጮኸም። ከጭድ ክምሩ ሥር ብድግ ሲል አየሁት። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል፤ የጀርባው ጸጉር ቆሟል፤ ዐይኑ ዐይኔ ላይ ነው። ዱላዬን ጥዬ ዞሬ ሮጥሁ። ሦስት እርምጃ የተራመድሁ አይመስለኝም። ሕመሙ ወዲያው አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ ክብደት ነው፤ እግሬ ላይ አንድ ሰው የተንጠለጠለ ያህል። እመቤቲቱ ማማሰያዋን ይዛ እየጮኸች ደረሰችና ውሻውን ከላዬ አላቀቀችው። ደሜን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትጣራ! ብትጣራ ኖሮ እይዝልህ ነበር።»

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሳመነዥከው ኖሬአለሁ። የተነከስሁት ውሻውን ፈርቼ ስለሮጥሁ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የራሴን ድምፅ ስለፈራሁ ነው።

የኔታ ጠበል እንድጠጣ አዘዙ። አንድ መድኃኒት ዐዋቂም ስሙን ያልነገሩኝን መራራ ሥር አጠጡኝ። 40 ቀን እስኪሞላ ወንዝ አትሻገር ተባልሁ። ከቁስሉ ይልቅ የገደለኝ ወሬው ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ ይፈራል፣ እንደ ውሻ ይጮኻል፣ ታስሮ ይሞታል እያሉ ጎጆ ውስጥ ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ የተኛሁ መስሏቸው። ማታ ማታ ሁሉም ካሸለበ በኋላ ቅሌን በጨለማ ዳብሼ አንሥቼ ውኃ እጎነጫለሁ። ሲወርድልኝ ያን ሌሊት እተኛለሁ። በነጋታው ማታ ደግሞ እንደገና።

ትልቁ ተማሪ ይህን ነቅቶብኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያደረገውን ግን አውቃለሁ። በየማለዳው፣ ከትምህርት መልስ፣ ያን የገበሬ ቤት አንድ ጊዜ ደርሶ ይመጣል። ሲመለስ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ዛሬም በላ» ይለኛል። ውሻው ማለቱ ነው። «ዛሬም በላ። ጌታውን አይቶ ጭራውን ቆላ።» እንዲህ ሲመላለስ ሰነበተ። አንድ ቀን «በቃ፤ ጤነኛ ነው፤ ውኃህን በቀን ጠጣ» አለኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት አልፌ ድሬሰር ሆኜ ስሠለጥን፣ የነከሰ ውሻ ካልጠፋ 10 ቀን ታስሮ እንደሚጠበቅ ተማርሁ። ተህዋሲው ምራቁ ውስጥ ከታየ ውሻው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታል። በ10 ቀን ውስጥ ደህና ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ደብተሬ ላይ ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። ያ ልጅ ይህን ከማን ተማረው? ከእሱ በፊት ከነበረ ትልቅ፣ ያም ከእሱ በፊት ከነበረው። ስንት ልጅ ተነክሶ፣ ስንቱ ሞቶ፣ ስንቱ ድኖ ነው ይህ ዕውቀት ጎጆ ለጎጆ የደረሰን?

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። የውሻ እብደት በአገራችን የቆየ መቅሠፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ ሳለች ወረርሽኙ ተነሥቶባት እንደነበር ተመዝግቧል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ዛሬም ቢሆን። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ መጀመሪያ የሞከረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ነው። ልጁ ጆሴፍ ማይስተር ይባላል፤ እናቱ ከአልዛስ ይዛው ፓሪስ መጣች፤ በ10 ቀን ግድም 13 ጊዜ ተወጋ፤ ዳነ። ዕድሜው 9 ነበር። ይህን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያሰብሁት ስለ ሌሊቱ ነው። እሱስ ውኃ ቀምሶ ይሆን የሚተኛው?

እኛ ዘንድ ክትባቱ ሲታወቅ ስሙ ከፓስተር ጋር ቀረ፤ አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ «ፓስተር» ነው የሚባለው። ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ገደማ የሚወጋ ነበር። ሰው መርፌውን ከውሻው አብልጦ ይፈራዋል። ሰባተኛው ላይ አቋርጠው የጠፉብኝ በሽተኞች ነበሩ። በእነሱ ተቆጥቼ አላውቅም። ፍርሃት አንዱን ሲሸሽ ሌላው እቅፍ እንደሚገባ ከ9 ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁና።

ወደ ጎጇችን ልመለስ። አርባው ቀን አለፈ፤ እግሬ ሻረ፤ እኔ ግን መንደር መውረድ አቃተኝ። አኩፋዳዬን ሳነሣ ጉልበቴ ይከዳኛል። የጎጆው ልጆች ከየድርሻቸው እየቆረሱ ሲያበሉኝ ከረሙ፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። አንድ ቀን ትልቁ «ተነሥ፣ ውሻ የሌለበት ደጅ አሳይሃለሁ» ብሎ ወሰደኝ። የአንዲት ባልቴት ቤት ነው። ከደጇ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረን አቆመኝና «ጥራ» አለኝ። ጠራሁ። «አልሰማሁም» አለኝ። እንደገና ጠራሁ። ጠጋ አደረገኝና ደግሞ አስጠራኝ። ባልቴቲቱ ወጥታ «ምን ሆናችሁ ልጆቼ፣ ሰማሁ እኮ!» ስትል እሱ «እማማ፣ ድምፁን እናሟሸው ብለን ነው፤ ይቅር ይበሉን» አላት። ሳቀችና «በሉ አሟሹት» ብላ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ሦስት ቀን ተመላለስን።

ቃሉን ዜማ አስያዘኝ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ተብሎ በንባብ ሲጠራ ልመና ይመስላል፤ በዜማ ሲጠራ ግን ልጁ የተማረውን ነው የሚያሰማው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ጥሪ ነበረው፤ አንዱ መጨረሻውን ይጎትተዋል፣ ሌላው መካከሉ ላይ ከፍ ያደርገዋል። የመንደሩ ሴቶች ማጀት ሆነው «የእንትና ድምፅ ነው» ይላሉ። ውሾችም ይለዩታል። ከሩቅ በዜማ የመጣ ልጅ ለውሻው ድንገተኛ አይሆንበትም፤ ለባለቤቲቱም ውሻ የምትይዝበት ፋታ ይሰጣታል። ልጁም ትንፋሹ ለዜማው ስለሚያስፈልገው መሮጥ አይችልም።

ከባልቴቲቱ ቤት ቀጥሎ ጥርሱ የረገፈ አሮጌ ውሻ ያለበት ቤት ወሰደኝ። ቀጥሎ ውሻው ቀን ቀን የሚታሰርበት። ጥር ሲጋመስ የነከሰኝ ውሻ ደጅ ቆምሁ። ከሩቅ ጠራሁ። እመቤቲቱ ወጣች፤ ውሻውን ጉያዋ ሥር አንገቱን ይዛ ቁጢጥ አለች፤ ለልጇ እንጀራ አስይዛ ላከችልኝ። ትልቁ «እዚሁ ብላ» አለኝ። ውሻው እያየኝ፣ እኔም እያየሁት፣ በልቼ ጨረስሁ። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። የሽሮው ጨው እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

በሥራ ዓለም ሳለሁ ስለ አእምሮ ጤና አጭር ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ ሜሪ ከቨር ጆንስ ስለምትባል አሜሪካዊት አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ነበረ፤ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳየችው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አቀረበችለት፤ በመጨረሻ በእጁ ነካት። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ ቀና ብዬ መስኮቱን አያለሁ። ሴቲቱን አደነቅኋት፤ የሠራችውን መዝግባ ለዓለም አኑራለች። የእኛ ትልቅ ተማሪ የሠራውን ማንም አልመዘገበለትም። ይህን የምጽፈው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ውሻን ማንበብም አስተምሮኛል። ጭራውን አቁሞ የሚጮኸው ባለቤቱን ነው የሚጠራው፤ እሱን ቆመህ ጠብቀው። ጆሮውን ለጥፎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዝም ብሎ የሚመጣውን ግን ጀርባ አትስጠው፤ አጥር ተደገፍ፤ የዱላህን ጫፍ መሬት አስነካለት፤ መንከስ ካሻው ዱላውን ይነክሳል። አትምታው፤ የተመታ ውሻ ተማሪን ዕድሜውን ሙሉ ይጠላል፤ ዕዳውን ካንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ይከፍላል። ከበዙብህ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ በል። ጌታው ሲጠራው የማይሰማ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የሰለለ፣ ያገኘውን እንጨት የሚነክስ ካየህ ግን ዜማም ዱላም የለም፤ ዛፍ ላይ ውጣ፤ ለአገሩ ጩኸህ ንገር። ፍርሃት የሚገባው ለዚያ ነው ይለኝ ነበር፤ ለሌላው ጥንቃቄ ይበቃዋል።

የውሻ አፍ የሚያስር ቃል አለ የሚሉም ነበሩ። አንዱ ተማሪ በእፍኝ ቆሎ ሸጠልኝ። ትርጉሙን የማላውቀው የስም ድርድር ነው፤ ሰባት ጊዜ እየደገምህ፣ ሳትዞር፣ ሳትቸኩል ትሄዳለህ። በዚያ ቃል ያለፍሁባቸው ደጆች ነበሩ። አሁን ሳስበው የታሰረው የውሻው አፍ ሳይሆን የኔ እግር ነው። ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ፣ ቁጥር የሚቆጥር ልጅ አይሮጥም፤ ያልሮጠን ልጅ ደግሞ አብዛኛው ውሻ ተከትሎ ጮኾ ይተወዋል።

ስለ ሌሊቱ ብዙ አልልም። ጅብ ከጎጇችን ጀርባ ያልፍ ነበር፤ እኛ ደግሞ መብራት የለንም። የቃል ትምህርቱ ከዋክብት ወጥተው በጨለማ ነበር የሚሰጠው፤ የየኔታ ድምፅ ከወዲያ፣ የእኛ ከወዲህ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጨለማው የትምህርት ሰዓት ሆነ እንጂ የጅብ መሆኑ ቀረ። ስለ ጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ መጀመሪያ የሰማሁትም በእንዲህ ያለ ምሽት ነው። ዐይናቸው የማያይ፣ በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው ወንዶቹን ቅኔ የሚያስቆጥሩ ሴት እንዳሉ ሲወራ፣ ጨለማ ፈርቼ ደበሎዬ ውስጥ የተጠቀለልሁት እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ።

የመጨረሻውና ትልቁ ፍርሃት ያገኘኝ 13 ዓመት ሲሞላኝ፣ ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ እንደ ሌላው ትምህርት የተቀበሉትን መመለስ አይደለም። ግሱን፣ አገባቡን ከመምህሩ ትቀበላለህ፤ ከዚያ ግን ዱር ወርደህ፣ ከሰው ተለይተህ፣ ትናንት ያልነበረ የራስህን ትቆጥራለህ። መጀመሪያው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ሁለት ቤት ምን አላት? እኔ ግን ስድስት ቀን ቁልቋል ሥር ተቀምጬ ውዬ ባዶዬን ተመለስሁ። ቃል ጠፍቶኝ አልነበረም። ቆጥሬው አመሻለሁ፤ የኔታ ፊት ስቆም፣ የጉባኤው ልጆች ሁሉ ሲያዩኝ፣ ያው የኅዳሩ ነገር ይመጣብኛል፤ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ «አልሆነልኝም» ብዬ እቀመጣለሁ።

በሰባተኛው ቀን ስለ ውሻው ቆጠርሁ። ሰሙ ደጅ የሚጠብቅ ውሻ፣ ወርቁ የሲኦልን በር የሚጠብቅ ሞት፤ ተማሪው ስም ጠርቶ ያልፋል፣ ጌታም ስማቸውን እየጠራ ነፍሳትን ያወጣል። ግእዙ የልጅ ግእዝ ነበር፤ ሁለተኛው ቤት በደንብ አልመታም። ግን ስነግረው በዜማ ነበር፤ ከሩቅ እንደሚጣራ ልጅ፣ ትንፋሼን ይዤ። የኔታ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ውሻውን በሰሙ አስረኸዋል፤ ወርቁ ግን ገና ይጮኻል። ነገ አስረኸው ና» አሉኝ። ልጆቹ «ይበል!» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ፊት መናገር ላቤን አምጥቶት ይሆናል እንጂ ቃሌን ወስዶብኝ አያውቅም።

ይህን ስጽፍ ልማዱን ላሳምረው አይደለም። «መከራው ነው ያጠነከራቸው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። መከራው ብቻውን የሰበራቸውን አውቃለሁ። ተነክሶ፣ የሚከታተልለት ትልቅ አጥቶ፣ የሞተ ልጅ ቀብረናል። ስሙን ለውጦ ስለነበር እናቱ ዘንድ መርዶ የሚያደርስ አልተገኘም። አንዳንድ ጉባኤ ቤት አለንጋው ከትምህርቱ ይበልጥ ነበር፤ እኔ ራሴ ከአንዱ በሌሊት ያመለጥሁት ግርፋት ፈርቼ ነው። ቅዱስ ያሬድ እንኳ ልጅ ሳለ ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ግርፋት ሸሽቶ ነበር ይባላል። ሁላችንም ዛፍ ላይ ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የደረሰችውን ትል እናነሣለን፤ ሕፃኑን እዚያ ዛፍ ሥር ያደረሰው ምን እንደሆነ ግን አናነሣም። እኔን ያዳነኝ ውሻው አይደለም፣ ረኃቡም አይደለም። «ዛሬም በላ» እያለ የተመላለሰ አንድ ልጅ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ከከፈቱ ወዲህ መንገዱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰሉት ከአብነቱ ወደ ዘመናዊው ተሻገሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም በዛብህን ከዚያው ከቤተ ክህነቱ ዓለም አውጥተው ሰጡን። እኔም በ1962 ደበሎዬን ለአንድ አዲስ ገብ ሰጥቼ ከተማ ገባሁ። ጉባኤ ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። ልጆቹም ዛሬም በየደጁ አሉ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንዱ ጤና ጣቢያችን መጣ። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ባቱ ላይ ተነክሷል፤ ጠበል ተረጭቶበት፣ በጨርቅ ታስሮ። ጨርቁን ፈታሁና ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጠብሁት። ክትባቱ አሁን ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ ሆድ መውጋት ቀርቷል። መርፌውን ሲያይ አላለቀሰም። «ውኃ ልጠጣ?» አለኝ። እጄ ላይ ያለው ጥጥ ወደቀ። ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠሁት፤ እያየሁት ጠጣ፤ ሌላም ሞላሁለት። ውሻው የማን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ለጥበቃችን «በየማለዳው ያንን ቤት ደርሰህ ውሻው መብላት አለመብላቱን ትነግረኛለህ» አልሁት።

ልጁ ቀጠሮውን ሁሉ ጨረሰ። በመጨረሻው ቀን ዱላውንና አኩፋዳውን ከበሩ ጥግ አንሥቶ ወጣ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ካርዱን እየሞላሁ ሳለ፣ ከጤና ጣቢያው ማዶ ካለው ቤት ደጅ ድምፁ መጣ፤ ከሩቅ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ። የዚያ ቤት ውሻ አንድ ጊዜ ጮኸ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ግራ እግሬን ወደ ውስጥ ሰበሰብሁ። እስክሪብቶዬን ይዤ አዳመጥሁ። የበር ሲጥታ ተሰማ፤ የሴት ድምፅ «መጣሁ ልጄ፣ ያዝሁት» አለ።